የሰው ማልያ፣ የራስ ትንፋሽ፦ የምትክ ባንዶች ታሪክ በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር

የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው የተጫዋቾቹ ቁመትና ፍጥነት፣ የአሠልጣኞቹ ብልሃት፣ የዳኞቹም ፊሽካ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች መካከል የሚደረገውን ውድድር የተመለከተ ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያያል፤ ከማየቱም ይልቅ ይሰማል። ከቅርጫቱ ጀርባ ባሉት ወንበሮች ላይ ሠላሳ ያህል ተማሪዎች ጥሩምባ፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎንና ከበሮ ይዘው ተቀምጠዋል። ጨዋታው በቆመ ቁጥር ተነሥተው ይነፋሉ፤ ጨዋታው በቀጠለ ቁጥር መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው በጉሮሮአቸው ይጮኻሉ። እነዚህ በአገሩ አነጋገር ፔፕ ባንድ የሚባሉት፣ በአማርኛ የማበረታቻ ባንድ ሊባሉ የሚችሉት ናቸው።

የማበረታቻ ባንድ ሥራው የገዛ ትምህርት ቤቱን ቡድን ማበረታታት መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ በማርች ወር በሚካሄደው ብሔራዊ የጥሎ ማለፍ ውድድር ላይ ይህ ግልጽ የሆነው ነገር አንዳንድ ጊዜ ይገለበጣል። የአንዱ ኮሌጅ ባንድ የሌላውን ኮሌጅ ካናቴራ ለብሶ፣ የሌላውን መዝሙር አጥንቶ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በዓይኑ አይቶት ለማያውቀው ቡድን ሲነፋና ሲጮኽ ይታያል። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል። ይህ ብሂል ለእነዚህ ተማሪዎች ይሠራ ይሆን? በተውሶ ልብስ የሚሰማ ደስታ እውነተኛ ደስታ ሊባል ይችላልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምትክ ባንድ ልማድ ከምን እንደ መነጨ፣ በምን ዘዴ እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም ምን ዋጋ እንዳለው በሁለት እውነተኛ ግጥሚያዎች አስደግፎ ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባንዱ አመጣጥ

በብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች የሙዚቃ ባንድ የተቋቋመው በመጀመሪያ ለስፖርት ተብሎ አይደለም፤ ለሰልፍ ነው። በ1862 የወጣው የሞሪል ድንጋጌ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት ሰጥቶ ከመሬቱ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የመካኒክ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ሲፈቅድ፣ የወታደራዊ ስልት ትምህርትም አብሮ እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ተማሪዎች በሜዳ ላይ ሲሰለፉ እርምጃቸውን የሚያስተካክልላቸው ከበሮ አስፈለገ፤ ከበሮው ጥሩምባን ጠራ፤ ጥሩምባውም ባንድን ወለደ። ብዙ መሐንዲሶችን በማፍራት ስሙ የታወቀው የኢንዲያናው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዚሁ ድንጋጌ ውጤት ሲሆን፣ ባንዱ በ1886 የተጀመረው በአምስት ከበሮ መቺዎች ነበር። በ1907 ይኸው ባንድ የወታደሩን ሰልፍ አፍርሶ በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ መካከል የዩኒቨርሲቲውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ ሠርቶ ቆመ። ከዚያ ዘመን ወዲህ የኮሌጅ ባንድ የጦር ልምምድ አጃቢ መሆኑ እየቀረ የጨዋታ ቀን ድምቀት እየሆነ ሄደ።

ቅርጫት ኳስ ራሱ የተፈጠረው በዲሴምበር 1891 በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለው መምህር የክረምቱ ብርድ ከደጅ ለከለከላቸው ተማሪዎቹ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ከአዳራሹ ሰገነት ላይ አስቸንክሮ፣ አሥራ ሦስት ደንቦችንም ጽፎ ጨዋታውን አስጀመረ። የሰገነቱ ከፍታ አሥር ጫማ፣ ማለትም 3.05 ሜትር ስለ ነበረ የቅርጫቱ ከፍታ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ጸንቶ ቆይቷል። ጨዋታው ከመነሻው የቤት ውስጥ ጨዋታ መሆኑ ለባንዱ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። በሰፊ ሜዳ ላይ ሁለት መቶ ሰው የሚያሰልፍ ባንድ ወደ አዳራሽ ሲገባ ቦታ አይበቃውም። ስለዚህም ከትልቁ ባንድ ተመርጦ የሚወጣ፣ በጥቂት ወንበሮች ላይ ተጨናንቆ መቀመጥ የሚችል አነስተኛ ቡድን አስፈለገ። የማበረታቻ ባንድ የተባለው ይኸው ነው።

ቁጥሩ በማነሱ ኃይሉ በዚያው መጠን የቀነሰ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። የድምፅ ሳይንስ ግን እንዲህ አይልም። እኩል ኃይል ያላቸው የድምፅ ምንጮች ቁጥራቸው በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በዚህ ስሌት በሁለት መቶ ነፊዎችና በሃያ ዘጠኝ ነፊዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ዴሲቤል ብዙም አይበልጥም፤ የሰው ጆሮ ደግሞ አንድን ድምፅ እጥፍ ሆኖ የሚሰማው መጠኑ በ10 ዴሲቤል ያህል ሲያድግ ነው። እንግዲህ ሰባት እጥፍ ያህል ሰው የሚያሰልፈው ባንድ ለአድማጩ እጥፍ ያህል እንኳ አይጮኽም ማለት ነው። በዚህ ላይ የአዳራሹ ጣሪያ፣ ግድግዳና የተወለወለ ወለል ድምፁን እየመለሱ ስለሚያስተጋቡት፣ ሃያ ዘጠኝ ብርቱ ተማሪዎች አንድን ትልቅ አዳራሽ ለመሙላት ይበቃሉ።

የውድድሩ መስፋትና የርቀቱ ችግር

የምትክ ባንድ ልማድ የመነጨው ከሙዚቃው ሳይሆን ከውድድሩ አደረጃጀት ነው። ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር የወንዶችን ውድድር በ1939 ሲጀምር ተካፋዮቹ ስምንት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በ1951 ወደ 16፣ በ1975 ወደ 32፣ በ1985 ወደ 64፣ በ2011 ደግሞ ወደ 68 ከፍ አለ። በደንቡ መሠረት የየአካባቢው የውድድር ማኅበር አሸናፊ፣ ማኅበሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በቀጥታ የመግባት መብት አለው፤ በ2023 ከ68ቱ ቡድኖች 32ቱ የገቡት በዚህ መንገድ ነበር። ስለዚህም ብዙ ሺሕ ተመልካች ከሚይዝ አዳራሽና ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ ባንድ ባለቤት ጎን፣ የተማሪዎቹ ቁጥር አነስተኛ የሆነ፣ የማበረታቻ ባንድ ለማደራጀት አቅም ያጣ ኮሌጅም ይሰለፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። የተሳታፊዎቹ ዝርዝርና የሚጫወቱበት ከተማ የሚታወቀው በአንድ እሑድ ምሽት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች የሚደረጉት ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከምሥራቅ ጠረፍ ያለ ኮሌጅ ወደ ምዕራብ ጫፍ ሊመደብ ይችላል። በዚያ ላይ ወሩ ማርች በመሆኑ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለፀደይ ዕረፍት ተማሪዎቻቸውን አሰናብተዋል፤ ያልተሰናበቱትም ፈተና ላይ ናቸው። ጥሩምባ ነፊው በአንድ ክፍለ ግዛት፣ ከበሮ መቺው በሌላ ክፍለ ግዛት ከወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ሳለ ቡድኑ በሦስተኛው ክፍለ ግዛት ይጫወታል።

ሦስተኛው ምክንያት የሴቶች ውድድር ነው። በትምህርት ቤቶች በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ የከለከለው ሕግ በ1972 ከወጣ በኋላ የሴቶች ስፖርት እየተስፋፋ ሄዶ፣ ማኅበሩ በ1982 የራሱን የሴቶች ውድድር ጀመረ። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ለባንዶቹ አዲስ ሥራ አመጣ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ወንዶችና ሴቶች በአንድ ሳምንት በሁለት የተራራቁ ከተሞች ሲጫወቱ አንዱ ባንድ ለሁለት መከፈል ወይም ለአንደኛው ወገን ሌላ ባንድ መፈለግ ግድ ይሆናል።

በእነዚህ ምክንያቶች ያለ ባንድ የቀረ ቡድን ምን ይደርስበታል? ደንቡ ለእያንዳንዱ ወገን እስከ 29 ነፊዎችና መቺዎች ያሉበት ባንድ ይፈቅዳል። የሁለቱ ወገኖች ባንዶች እንደ ልማዱ በሜዳው ሁለት ጫፎች ይቀመጣሉ። አንደኛው ጫፍ ባዶ ሲሆን ሚዛኑ ይዛባል። የአንደኛው ቡድን ተጫዋቾች ወደ ሜዳ ሲወጡ የሚያውቁት መዝሙር ይቀበላቸዋል፤ የሌላኛው ቡድን ተጫዋቾች ግን በዝምታ ይገባሉ። ተጫዋቾቹ የሃያ ዓመት ወጣቶች መሆናቸውን ያስታወሰ ሰው ይህ ዝምታ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይረዳል። ለቡድኑ በአቅራቢያው ካለ ዩኒቨርሲቲ ባንድ መለመን የተጀመረው ይህን ዝምታ ለመሙላት ነው።

ምትክ እንዴት ሊሠራ ቻለ?

በአራት ቀን ውስጥ የሌላውን ትምህርት ቤት ድምፅ መተካት የሚቻለው፣ ቀደም ብሎ ብዙ ነገር በአንድ መለኪያ ስለ ተስተካከለ ነው። ይህም በራሱ ታሪክ አለው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ የሚሠሩ የባንድ መሣሪያዎች በሁለት ዓይነት ቃና ይቃኙ ነበር። አንደኛው ከፍተኛ ቃና የሚባለው ሲሆን፣ የመቃኛው ድምፅ በሰከንድ ከ450 ንዝረት በላይ ነበር፤ ሁለተኛው ዝቅተኛ ቃና የሚባለው ወደ 440 ንዝረት የቀረበ ነበር። በሁለቱ የተሠሩ መሣሪያዎች አብረው ቢነፉ ጆሮ የሚቀበለው ነገር አይወጣም። ከብዙ ክርክር በኋላ ዝቅተኛው ቃና አሸነፈ፤ በ1939 በለንደን የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤም 440 ንዝረት የጋራ መቃኛ እንዲሆን ተስማማ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ውድድር የተደረገው በዚያው ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ ታሪኮች ኋላ ተገናኝተዋል።

በ1923 በቺካጎ ከተማ የመጀመሪያው ብሔራዊ የትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር ተካሄደ። ውድድሩን የደገፉት መሣሪያ ሠሪዎች ሲሆኑ፣ ከእርሱ ጋር ተያይዞ በየትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ የትኛው መሣሪያ በምን ያህል ቁጥር ይኑር የሚለው ጥያቄ ወጥ መልክ እየያዘ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ ያደገ ልጅና በተራራማው ምዕራብ ያደገ ልጅ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው፣ አንድ ዓይነት ኖታ እያነበቡ ነው ዩኒቨርሲቲ የገቡት። ከማበረታቻ ባንድ አባላት ብዙዎቹ ሙዚቃን እንደ ዋና ትምህርት የያዙ አይደሉም። ምሕንድስና፣ ሕክምና፣ እርሻ ወይም ንግድ እየተማሩ፣ በልጅነታቸው የያዙትን ጥሩምባ ሊለዩት ያልፈለጉ ናቸው።

ስለዚህም ምትክ የፈለገው ዩኒቨርሲቲ የመዝሙሩን ኖታ በየመሣሪያው ተከፋፍሎ እንደ ተጻፈ ይልካል። ተቀባዩ የባንድ መሪ ወረቀቱን ያድላል፤ ነፊዎቹም በመሣሪያቸው ላይ በምትታሰር አነስተኛ የኖታ መያዣ ውስጥ ከቀድሞዎቹ ዜማዎች ጋር ይጨምሩታል። በየአዳራሹ የሚነፉት ታዋቂ ዜማዎች በአብዛኛው ለሁሉም ባንዶች የጋራ ስለ ሆኑ፣ በአዲስነት የሚጠናው የትምህርት ቤቱ የራሱ መዝሙርና የደጋፊዎቹ የጩኸት ሥርዓት ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ነገሩ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንደሚባለው ነው፤ አንድና ሁለት ልምምድ ቢደረግ ነው።

ለጨዋታው ሥርዓት መገዛትም የሥራው ክፍል ነው። ኳሱ በጨዋታ ላይ ሳለ መሣሪያ መንፋት ክልክል ነው። በወንዶቹ ጨዋታ እያንዳንዱ የሃያ ደቂቃ አጋማሽ ለቴሌቪዥን ሲባል በሚደረጉ አራት ዕረፍቶች ይቋረጣል፤ አሠልጣኞች የሚጠይቋቸው ዕረፍቶችም አሉ። የባንዱ መሪ ዓይኑን በሰዓቱ ላይ ተክሎ፣ ፊሽካው እንደ ተነፋ በአንድ የእጅ ምልክት ሙዚቃውን ያስጀምራል፤ ኳሱ ወደ ሜዳ ሊመለስ ሲልም ያቆመዋል። የምትክ ባንድ በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት፤ የማያውቃቸውን ተጫዋቾች ስም፣ ቁጥርና ጠባይ በጨዋታው መካከል ማጥናት አለበት። ማን ከርቀት እንደሚያስቆጥር፣ ማንን በምን ሰዓት በጩኸት ማገዝ እንደሚያስፈልግ የሚረዳው እዚያው ወንበሩ ላይ ቆሞ ነው።

ኮሎምበስ፣ 2023

በኦሃዮ ክፍለ ግዛት የምትገኘው የዴይተን ከተማ እንግዳ መቀበል የለመደች ናት። በ1969 የተከፈተው የዴይተን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ከማናቸውም አዳራሽ ይልቅ ብዙ የብሔራዊ ውድድር ግጥሚያዎችን አስተናግዷል፤ ከ2011 ጀምሮም የ68ቱ ውድድር የሚከፈትባቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች እዚያ ሲደረጉ ቆይተዋል። በማርች 2023 ግን የዴይተን የራሱ ቡድን በአካባቢው ማኅበር የመጨረሻ ጨዋታ ተሸንፎ ከብሔራዊው ውድድር ውጭ ቀርቶ ነበር። ባንዱ ለገዛ ቡድኑ የሚነፋበት መድረክ አጥቶ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ከኒው ጀርዚ ፌርሌይ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲ መጣ። ይህ ቡድን በቀዳሚው የውድድር ዘመን አራት ጊዜ ብቻ አሸንፎ 22 ጊዜ የተሸነፈ ነበር። በአካባቢው ማኅበር የፍጻሜ ጨዋታ እንኳ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ፣ አሸናፊው ቡድን በደንቡ ገና ለብሔራዊው ውድድር ብቁ ስላልነበረ በእርሱ ፈንታ የገባ ነው። እንግዲህ ቡድኑ ራሱም ምትክ ነበር። በአንደኛ ምድብ ካሉት ከሦስት መቶ ስድሳ በላይ ቡድኖች በአማካይ ቁመት የመጨረሻው አጭር እርሱ ነበር። በዴይተን የመጀመሪያውን ጨዋታ 84 ለ61 አሸንፎ ወደ ኮሎምበስ ሲሻገር የጠበቀው ከፊተኞቹ አንዱ የነበረው ፐርዱ ነው፤ ያ በ1886 ባንድ ያቆመው፣ መካከለኛ ተጫዋቹ ዛክ ኢዲ 2.24 ሜትር የሚረዝመው ፐርዱ። ከፌርሌይ ዲኪንሰን መሪ ተጫዋቾች አንዱ የነበረው ዲሜትሪ ሮበርትስ ቁመቱ 1.73 ሜትር ነበር።

ፌርሌይ ዲኪንሰን የራሱን ባንድ ይዞ አልመጣም። ማርች 17 ቀን ምሽት በኮሎምበስ አዳራሽ ውስጥ ከአግዳሚ ወንበሩ አቅራቢያ ሆኖ የነፋለት 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደረሰው የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ባንድ ነው። በዚህ ውድድር ቡድኖች በአራት ክልል ተመድበው ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ አንደኛው ከአሥራ ስድስተኛው ጋር ይጋጠማል። ከ1985 እስከ 2022 ድረስ በወንዶች ውድድር በተደረጉት 148 ግጥሚያዎች አሥራ ስድስተኛው አንደኛውን ያሸነፈው አንድ ጊዜ፣ በ2018 ብቻ ነበር። በዚያ ምሽት ሁለተኛው ጊዜ ሆነ፤ ፌርሌይ ዲኪንሰን ፐርዱን 63 ለ58 አሸነፈ። በአንደኛው ወገን የቆየ ዝናና ረጅም ቁመት፣ በሌላው ወገን የተውሶ ባንድና አጫጭር ተጫዋቾች ተሰልፈው፣ የሚዛኑ ወዲያ ማዘንበል አገሩን ሁሉ አስደነቀ። ባንዱ ጨዋታውን አሸነፈ ማለት አይቻልም፤ ኳሷን ያስቆጠሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። ነገር ግን አሸናፊዎቹ ያን ሰዓት በዝምታ አላሳለፉትም።

ስፖካን፣ 2024

በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ነገር በአገሩ ሌላ ጫፍ ተፈጸመ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ቡድን እሑድ ማርች 17 ቀን 2024 በኒው ዮርክ በተደረገው የአካባቢው ማኅበር ፍጻሜ ብራውንን 62 ለ61 በመጨረሻዋ ቅጽበት አሸንፎ ብሔራዊውን ውድድር ተቀላቀለ። በዚያው ምሽት የተመደበበት ከተማ ታወቀ፤ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ያለችው ስፖካን ናት። ዬል ካለበት ከኒው ሄቨን እስከ ስፖካን ያለው ርቀት ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጨዋታው ዓርብ ነው፤ የዬል ተማሪዎች ደግሞ በፀደይ ዕረፍት ላይ ነበሩ። የዬል ባንድ መምጣት አልቻለም።

ጥሪው የደረሰው ከስፖካን 135 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሞስኮ ከተማ ላለው ለአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ባንድ ነው። የአይዳሆ የወንዶች ቡድን ከ1990 ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ በዚህ ውድድር ተካፍሎ አያውቅም ነበር። ይህም ማለት በባንዱ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ የትምህርት ቤታቸው ባንድ ለገዛ ወንዶች ቡድኑ በዚህ መድረክ ላይ የነፋበት ቀን የለም ማለት ነው። ተማሪዎቹ የዬልን መዝሙር አጠኑ፤ የዬልን ካናቴራ ለበሱ፤ ዓርብ ማርች 22 ቀን በስፖካን አዳራሽ ተገኙ።

ዬል በ13ኛ ደረጃ የተቀመጠ ሲሆን ተጋጣሚው ኦበርን 4ኛ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ዬል ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ ጆን ፑላኪዳስ የተባለው ተጫዋች ከርቀት ማስቆጠር ቀጠለ፤ በጠቅላላው 28 ነጥብ አገባ። ጨዋታው 78 ለ76 በዬል አሸናፊነት ሲጠናቀቅ ካናቴራቸውን ለአንድ ቀን የተዋሱት የአይዳሆ ልጆች የደስታው ተካፋዮች ሆነዋል። ዜናው በየጋዜጣውና በየቴሌቪዥኑ ሲነገር ከነጥቦቹ ቀጥሎ የተነሣው የእነርሱ ነገር ነበር።

ማስመሰል ወይስ ወንፈል?

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ክብደቱም ቀላል አይደለም። የኮሌጅ ባንድ ዋጋው የአንድን ማኅበረ ሰብ እውነተኛ ፍቅር በድምፅ መግለጡ ነው፤ ፍቅሩ ከሌለ ድምፁ ባዶ ነው፤ ስለዚህ የምትክ ባንድ ማስመሰል ነው ሊባል ይችላል። ነገሩን ሙት ከማያውቀው አልቃሽ ጋር የሚያመሳስለው አይጠፋም።

ለዚህ ተቃውሞ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፣ የትምህርት ቤት ፍቅር ራሱ የሚለመድ እንጂ አብሮ የሚወለድ ነገር አለመሆኑ ነው። የዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪ መዝሙሩን የሚያጠናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በፊት ለእርሱም የሰው መዝሙር ነበር። ከዬል ታዋቂ የድጋፍ መዝሙሮች አንዱን በተማሪነቱ የደረሰው፣ ኋላ በዓለም የገነነው ኮል ፖርተር፣ የኒው ሄቨን ልጅ አልነበረም፤ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በ1891 የተወለደ እንግዳ ነበር። እንግዳ የጻፈውን እንግዳ ቢነፋው ምን ያስደንቃል? በአንደኛው ተማሪና በምትኩ መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ርዝመት ነው፤ አንዱ አራት ዓመት፣ ሌላው አራት ቀን።

ሁለተኛው መልስ የነገሩ ጠባይ ከቅጥር ይልቅ ወደ ወንፈል የሚቀርብ መሆኑ ነው። ወንፈል የገባ ገበሬ የሚያጭደው የጎረቤቱን እህል ነው፤ እህሉ የእርሱ አለመሆኑን ያውቃል፤ ማጭዱን ግን አያሳንፍም። ዛሬ የሰውን ማሳ ያጨደ ነገ የእርሱ ማሳ ሲደርስ እጅ አያጣም። ለሩቅ እንግዳ የነፋ ባንድም ነገ የገዛ ቡድኑ ወደ ሩቅ አገር ሲመደብ በዚያ ያለ አንድ ባንድ ካናቴራውን እንደሚለብስለት ያስባል። ውለታው ለዚያው ለተረዳው ባይመለስ እንኳ ለሌላው ይተላለፋል፤ ልማዱም ሊቆይ የቻለው በዚህ ነው።

የባንድ መኖር ዋጋ በግልጽ የታየው ባንድ በጠፋበት ጊዜ ነው። በ2020 ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨርሶ ተሰረዘ። በ2021 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ሲካሄድ ተመልካቹ ተመጥኖ ገባ፤ ባንዶች ግን እንዲገቡ አልተፈቀደም። በየአዳራሹ ሙዚቃ አልጠፋም፤ ከድምፅ ማጉያ ይፈስ ነበር። ይሁን እንጂ ማጉያው ለጠፋች ኳስ አያዝንም፤ ለገባች ኳስም አይዘልም። ኖታውና ቃናው በመለኪያ የተስተካከለ ስለ ሆነ በማሽን መተካት ይቻላል፤ ትንፋሹን የሚተካው ግን ሌላ ትንፋሽ ነው።

ለመሐንዲስ ይህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። መለዋወጫ ዕቃ የሚመሰገነው ከቀድሞው ዕቃ ጋር በልኩ አንድ ሆኖ በመገኘቱ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አይጠየቅበትም። የምትክ ባንድም በልክ መግጠም አለበት፤ መሣሪያው፣ ኖታውና ሥርዓቱ የተካከለ ባይሆን ኖሮ በአራት ቀን ውስጥ አንዳች ነገር ባልተሠራ ነበር። ይህ ግን ሥራውን የሚያስችል እንጂ ሥራውን የሚሠራ አይደለም። ከልኩ በላይ ያለው፣ ማለትም በአንድ ምሽት ለማያውቁት ሰው ከልብ መቆም፣ በየትኛውም መለኪያ አልተደነገገም፤ ከእያንዳንዱ ነፊ ፈቃድ የሚመጣ ነው።

ሁለቱም ቡድኖች በውድድሩ ሩቅ አልሄዱም። ፌርሌይ ዲኪንሰን ከሁለት ቀን በኋላ በፍሎሪዳ አትላንቲክ 78 ለ70፣ ዬልም እንደዚሁ ከሁለት ቀን በኋላ በሳን ዲዬጎ ስቴት 85 ለ57 ተሸንፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የዴይተንና የአይዳሆ ተማሪዎችም ወደየትምህርታቸው ገቡ። በውድድሩ መዝገብ ላይ የሁለቱ ምሽቶች ውጤት በተጫዋቾቹና በትምህርት ቤቶቹ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ለባንድ የተመደበ ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ብሂል ትክክል ነው፤ ወርቁ አላደመቃቸውም፤ ካናቴራውም አላደመቃቸውም። ያደመቃቸው ለሌላው የሰጡት የገዛ ትንፋሻቸው ነው።